በቡራዩ ወጥቶ በሰበታ መግባት

እኛ የኮዬ ፈጬ ልጆች ተራራ ስንል ከበረንዳችን የምናየው የረር ነው፤ ሐይቅ ስንል ደግሞ ክረምት ላይ ከብሎካችን ፊት የሚተኛው ውኃ። ቀልዴን ነው! ግን ባለፈው ጥር አጎቴ አሮጌ ዲኤክሱን አስጠግኖ "ወንጪን ላሳያችሁ" ሲለን ሁላችንም እንቅልፍ አጣን። እሱ እንደኛ አልቸኮለም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሁለት ቀን ሙሉ ስልክ እየደወለ ሲያጣራ ሰነበተ። ዘመኑ ነዋ!

እቅዱ ቀላል ነበር። በቡራዩ ወጥተን፣ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና አምቦን አልፈን ወንጪ እንደርሳለን፤ ስንመለስ ወደ ወሊሶ ወርደን በሰበታ እንገባለን። ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ክብ ነው። እኔ ደግሞ ጋዜጠኝነት ተምሬ የለ? "ይህን መንገድ ማን ሠራው? ለምንስ ሠራው?" የሚል ጥያቄ ይዤ ነው መኪናው ውስጥ የገባሁት። መልሱ ከሐይቁ ባልተናነሰ አስገረመኝ፤ ከዚህ ክብ አብዛኛው ለሽርሽር ተብሎ አልተሠራም።

ንጉሡ እንጨት ሲያጡ

ከቡራዩ እንጀምር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የማገዶ እንጨት አልቆባት ነበር። ዐፄ ምኒልክ እንደ ቀደሙት ነገሥታት ጓዛቸውን ጠቅልለው ለመሄድ አሰቡና ወደ ምዕራብ ተመለከቱ። ለአዲሱ ከተማ "አዲስ ዓለም" የሚል ስም አወጡለት፤ ቤተ መንግሥትም ተጀመረ፤ ከአዲስ አበባ የሚያገናኘው መንገድም ተሠራ። በዘመናዊ መንገዳችን ታሪክ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይኸው ነው።

ከዚያስ? ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በአዲስ አበባ ቶሎ ቶሎ አደገ። መንገዱም ከመናገሻ ደን በኩል እንጨት ወደ ከተማዋ ለማምጣት ጠቀመ። ዋና ከተማዋን ይዞ እንዲሄድ የታሰበው መንገድ፣ እንዳትሄድ አደረጋት ማለት ነው! የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬም ከዋናው መንገድ ሆናችሁ ኮረብታው ላይ ታዩታላችሁ።

በዚያው ዘመን አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን መንገድ የሚደመድም በእንፋሎት የሚሠራ መኪና አስመጣ፤ ሕዝቡም "የሰርኪስ ባቡር" አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያዋን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ እየነዳ አዲስ አበባ አደረሰ። ምኒልክም ተሳፈሩባት። አስቡት እንግዲህ፣ "አባ ዳኘው" የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው። ባልቻ "አባ ነፍሶ"፣ ኋላ ኃይለ ሥላሴም "አባ ጠቅል" የተባሉት እንዲሁ። በፈረስ ስም የሚጠራ መሪ መኪና ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። በመኪናው ስም የተጠራ ንጉሥ ግን እስካሁን አልሰማሁም።

አባ ቦራና የጣሊያን መንገድ

በሰበታ በኩል ያለው የጅማ መንገድ ሌላ ታሪክ አለው። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ ከከተማዋ ወደየአቅጣጫው መንገድ መዘርጋት ጀመረ። ወደ ጅማና ወደ ለቀምት የሚሄዱት ሁለቱም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ድልድዩና ጠመዝማዛው ሲያምር የምህንድስና ፍቅር ይመስላል፤ ዓላማው ግን ጦርና ስንቅ ቶሎ ማድረስ ነበር።

ጦሩ ቶሎ ቢደርስም እንደልቡ አልተንሸራሸረም። የወሊሶው ልጅ ገረሱ ዱኪ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ቦራ፣ በዚሁ አካባቢ አርበኞችን አሰባስበው ተዋጉ። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ሲባረርም ወደ ጅማ ከዘመቱት መካከል ነበሩ። መንገዱ የጣሊያን፣ ተራራው የአባ ቦራ ነበር ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም።

ከድል በኋላ መንገዶቹ በጥገና እጦት ተጎሳቆሉ። በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ብድር ተገኘ፤ በዚያው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። አሁን ደግሞ ተራው የቡና ሆነ፤ የጅማና የከፋ ቡና ወደ ገበያ የሚወጣው በዚህ ነበርና። እንጨት፣ ጦር፣ ቡና። ተራራውን ለማየት የመጣ ማን ነበር?

አፋፉ ላይ

ከአምቦ ወደ ደቡብ ታጥፈን ሽቅብ ስንወጣ አየሩ ቀዘቀዘ፤ እንሰትና ገብስ ግራ ቀኙን ሞላው። ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ ነው። ጫፉ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 3,400 ሜትር ይደርሳል። ጎረቤቱ ደንዲም እንዲሁ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ስምንት ቁጥር የሚመስሉ ሁለት የተያያዙ ሐይቆች አሉት። ከወንጪ አፋፍ ቁልቁል ስታዩ ሐይቁ፣ መካከሉ ላይ ቂርቆስ ገዳም ያለበት ደሴት፣ ዳር ዳሩን የገበሬው ማሳ። እኔ ለደቂቃዎች ዝም አልኩ። (የሚያውቁኝ ይህን አያምኑም።)

ከአምቦ ወንጪን አቋርጦ ወሊሶ የሚደርሰው መንገድ ለረጅም ጊዜ ኮረኮንች ነበር። እንግዳ አፋፉ ላይ ሲደርስ የአካባቢው ሰዎች ተደራጅተው በተራ ፈረስ ያከራዩታል፣ መንገድ ይመሩታል። ነሐሴ 2012 ዓ.ም. ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር የገበታ ለሀገር ፕሮጀክት ሆነ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አለው። አስፋልትም ሎጅም መጣ። ከክባችን ውስጥ "ለማየት" ተብሎ የተሠራው ይህ ቁራጭ ብቻ ነው።

አጎቴ በመኪና ወደ ታች ሊወርድ ሲል አንድ ሽማግሌ ፈረሳቸውን ይዘው ቀረቡ። "እንነዳለን አባባ፣ መንገዱ እኮ ጥሩ ነው" አልኳቸው። ሳቅ አሉና "ልጄ፣ መኪናችሁ ቤንዚኑን ከከተማ ጠጥቶ ነው የመጣው። ፈረሴ ግን የሚበላው እዚሁ ነው" አሉኝ።

ያቺ ንግግር እስከ ሰበታ ተከተለችኝ። መንገዱ ባይሠራ አልልም፤ ምጥ የያዛት እናት ወሊሶ የምትደርስበት አስፋልት ለኔ ከፎቶ ይበልጥብኛል። ግን ታሪኩን ስናይ በዚህ ክብ ላይ መንገድ ሁሉ የሚሠራው ከሩቅ ያለ ሰው አንድ ነገር ሲፈልግ ነው። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ግዛት፣ አንዱ ቡና። የዛሬው ፈላጊ ደግሞ እኛ ነን፤ እይታ ፈልገን እንመጣለን። በአንድ ሰዓት ወርደን፣ ፎቶ አንስተን፣ የያዝነውን ውኃ ጠጥተን ከተመለስን፣ መንገድ ዳር ላለው ሰው ከአቧራ በቀር ምን ተውንለት?

ስለዚህ ወንጪ ከሄዳችሁ መኪናችሁን አፋፉ ላይ አቁሙ። ቁልቁለቱን በፈረስ ውረዱ፤ ፈረስ ከፈራችሁ በእግራችሁ፣ ከመንደሩ ልጅ ጋር። እኛ እንደዚያ አደረግን። አጎቴ ወገቡን እስካሁን ያመዋል፤ እኔ ግን የፈረሱን ስም ጠይቄ ይዣለሁ። ከእንግዲህ የፈረስ ስም የሌለኝ እንዳይመስላችሁ!

ቸር ይግጠመን።