ከተማና የጋራ ጉዳይዋ

ከተማ በሕዝብ ብዛት ብቻ አትጸናም፤ የጋራ ጉዳይዋን በአንድነት የሚያስብላት አስተዳደር ያስፈልጋታል። ይህንንም የለንደን ታሪክ ያስረዳናል።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1850 ዓ.ም. ለንደን ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት። አስተዳደሯ ግን በየአጥቢያው የተከፋፈለ ስለ ነበረ እያንዳንዱ ሰፈር እድፉን ወደ ቴምዝ ወንዝ ይለቅ ነበር፤ ብዙ ሰውም ከዚያው ወንዝ ይጠጣ ነበር። በ1854 ዓ.ም. ሐኪሙ ጆን ስኖው ኮሌራ በተበከለ ውኃ እንደሚተላለፍ ቢያስረዳ፣ ከሹማምንቱ ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1855 ዓ.ም. ለከተማይቱ አንድ የሥራ ቦርድ ተቋቋመ፤ ነገር ግን ያለ መንግሥት ፈቃድ ትልቁን ሥራ ሊጀምር አልቻለም።

በ1858 ዓ.ም. በጋ የወንዙ ግማት በፓርላማው መስኮት ገባ። ድኻው ለብዙ ዘመን የታገሠውን እንደራሴዎቹ አንድ ወር እንኳ ሊታገሡት አልቻሉም፤ ፈጥነው ለቦርዱ ሥልጣንና ገንዘብ የሚሰጥ ሕግ አወጡ። መሐንዲሱ ጆሴፍ ባዛልጌትም እድፉን ከከተማይቱ የሚያርቁ ታላላቅ ቦዮች ከመሬት በታች ሠራ።

በ1866 ዓ.ም. ኮሌራ ሲመለስ አብዝቶ የገደለው በምሥራቅ ለንደን፣ አዲሱ ሥራ ገና ባልተፈጸመበት በድኾች ሰፈር ነበር።

እንግዲህ ወጣት ሆይ፣ ግብር ስትከፍልም ሆነ ቆሻሻ ስትጥል ይህን አስብ፤ የግቢህ አጥር የጎረቤትህን በሽታ አያግድም።