የቆዳ ሸንተረር ሕክምና፦ ሌዘርና አልትራሳውንድ

ሸንተረር በእርግዝና ወይም በፈጣን ውፍረት ቆዳ ሲለጠጥ የውስጥ ክሮቹ ተበጥሰው የሚተዉት ጠባሳ ነው። ለመቅላት ሲባል ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚቀቡ የስቴሮይድ ክሬሞችም ያመጡታል፤ በአገራችን የተለመደው ይህ አደገኛ ልማድ ሊቆም ይገባል።

አዲስ፣ ገና ቀይ የሆነ ሸንተረር ለሕክምና ይመቻል፤ 585 ወይም 595 ናኖሜትር የሌዘር ጨረር ቅላቱን ያደበዝዛል። ለነጣው፣ ለቆየው ፍራክሽናል ሌዘር ይመረጣል፦ ጥቃቅን ቁስል ፈጥሮ ቆዳው አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ያነሳሳል። አልትራሳውንድ የቆዳውን ውስጥ በድምፅ ሞገድ ያሞቃል፤ ለሸንተረር ግን በቂ ማስረጃ ገና የለውም። ፈጽሞ የሚያጠፋ ሕክምና የለም።

ጠይም ቆዳ ከሌዘር በኋላ ሊጠቁር ስለሚችል የጨረሩ ኃይል በጥንቃቄ ይመጠናል። ፀሐይዋ በምትበረታበት ደጋ የታከመውን ቦታ መሸፈን ግድ ነው።