ቀይ አፈር፣ ዋልካና የብረት መፈለጊያ

ከመሬት በታች ያለ ብረትን የሚፈልግ መሣሪያ ጥልቀቱ ሁለት ጊዜ ይለካል፤ አንድ ጊዜ በአየር ላይ፣ አንድ ጊዜ በአፈር ውስጥ። የአየሩ ቁጥር ከአገር አገር አይለወጥም። የአፈሩ ቁጥር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት ከተሞች እንኳ በሰበታ ሌላ፣ በሱሉልታ ሌላ ሊሆን ይችላል። የድሮና የአዲስ መሣሪያዎች ልዩነት ጎልቶ የሚወጣውም በዚህ በሁለተኛው መለኪያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ በአየር ላይ የተገኘው የጥልቀት ጭማሪ ያን ያህል አያስደንቅም። የሚያስደንቀው ድሮ በአስቸጋሪ መሬት ላይ ይጠፋ የነበረው ጥልቀት ዛሬ መትረፉ ነው።

ጭማሪው ለምን ትንሽ እንደሆነ የሚያስረዳው የመሣሪያው አሠራር ነው። በክብ ጥምጥም ሽቦ ውስጥ ተለዋዋጭ የኤሌክትሪክ ጅረት ሲያልፍ በዙሪያው የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ የተቀበረ ብረት ሲደርስበት በብረቱ ውስጥ ደካማ ጅረት ይቀሰቅሳል፤ ይህ ጅረት ደግሞ የራሱን መስክ ወደ ላይ ይመልሳል፤ መሣሪያው የሚያዳምጠው ይህንን ነው። ጠላቱ ርቀት ነው። መስኩ ከጥምጥሙ እየራቀ ሲሄድ በርቀቱ ሦስተኛ ኃይል ይዳከማል፤ ሲመለስም በዚያው ልክ ይዳከማል፤ በድምሩ በርቀቱ ስድስተኛ ኃይል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ትንሽ ብረት የተቀበረበት ጥልቀት በእጥፍ ቢጨምር ወደ መሣሪያው የሚመለሰው ምልክት ከ64 እጅ አንድ እጅ ብቻ ይሆናል። የመሣሪያውን የመስማት አቅም 10 እጥፍ ያሳደገ መሐንዲስም በጥልቀት የሚያተርፈው ግማሽ ያህል ጭማሪ ብቻ ነው። ጥምጥሙን ማስፋት ሌላው መንገድ ነው፤ ሰፊ ጥምጥም ትልቁን ብረት ከጥልቅ ያገኛል፣ ትንሿን የብረት ፍሬ ግን ያልፋታል።

ከመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አንዱ ግን የከሸፈው በርቀት ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ጥይቱን ከሰውነታቸው ውስጥ የሚፈልግ የጥምጥም መሣሪያ ሠርቶ አቀረበ። ምልክቱን የሚያዳምጠው በራሱ ፈጠራ፣ በስልክ ጆሮ ነበር። የአልጋው የብረት ምንጮች መሣሪያውን ረበሹት፤ ሐኪሙም በቀኝ በኩል ብቻ እንዲፈለግ ፈቀደ። ፕሬዚዳንቱ ከሞቱ በኋላ በተደረገው ምርመራ ጥይቱ በግራ በኩል በጥልቀት ተገኘ።

ለገበያ የሚሆን መሣሪያ የመጣው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ነው። በካሊፎርኒያ ይሠራ የነበረው ጀርመን ተወላጁ ጌርሃርድ ፊሸር የአውሮፕላን የሬዲዮ አቅጣጫ መፈለጊያ ሲሠራ በአካባቢው ያለ ብረት ንባቡን እንደሚያዛባ አስተዋለ፤ ይህንኑ ጉድለት ወደ መሣሪያ ለወጠውና እ.ኤ.አ. በ1937 የፈጠራ መብት አገኘበት። መሣሪያው በእንጨት ዘንግ የተያያዙ ሁለት ሣጥኖች ነበሩት፤ አንዱ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ሳንቲም ለማግኘት አይመችም፤ እንደ ቧንቧና ትልቅ የብረት አካል ያለውን ግን ከአንድ ሜትር በላይ ከሆነ ጥልቀት ያገኝ ነበር። በዚህ ረገድ የ1930ዎቹ መሣሪያ ዛሬ በእጅ ከሚያዙት ብዙዎቹን ይበልጣል፤ «አዲሱ ሁልጊዜ ይጠልቃል» የሚለው አባባል የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው።

ጦርነት የመሣሪያውን ሥራ ለወጠ። በስደት ስኮትላንድ የነበረው ፖላንዳዊ መኮንን ዮዜፍ ኮሳትስኪ በእጅ የሚያዝ የፈንጂ መፈለጊያ ሠርቶ ለእንግሊዝ ጦር ሰጠ፤ የፈጠራ መብቱንም ለራሱ አላስመዘገበም። ወደ 14 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው ከዚህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1942 በኤል አላሜይን ውጊያ 500 ያህሉ ተሰማሩ። በዚያው ጊዜ አሜሪካኖች ያወጡት ኤስሲአር-625 የብረት ፈንጂን ከ15 እስከ 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ያገኝ ነበር። ቁጥሩ ለዛሬም ቢሆን የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሚፈለገው ነገር የሳህን ያህል ሰፊ ብረት ነበር። ጀርመኖች ወዲያው ከእንጨትና ከመስታወት ፈንጂ መሥራት ጀመሩ፤ መሣሪያው ሳይለወጥ ጥልቀቱ በአንድ ጊዜ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የተሠራው አሜሪካዊው ኤም14 የተባለ የፕላስቲክ ፈንጂ ያለው ብረት ከመርፌ ብዙም የማይበልጥ የመምቻ ሹል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የመሣሪያ ውድድሩ በአብዛኛው ጥልቀትን መጨመር ሳይሆን እያነሰ የሄደውን ብረት በዚያው ጥልቀት ማግኘት ሆነ። የድሮውን 30 ሴንቲሜትር ከአሁኑ 15 ሴንቲሜትር ጋር አስተያይቶ አዲሱን ደካማ የሚል ሰው የሚሳሳተው ይህን ሲዘነጋ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና 1970ዎቹ ሁለት መንገዶች ተከፈቱ። አንደኛው ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለው የማያቋርጥ ሞገድ የሚልከው ሲሆን፣ የሚመለሰው ምልክት ምን ያህል እንደዘገየ እየመዘነ የአፈሩን ድምፅ ከብረቱ ይለያል፤ ሚስማሩንም ከሳንቲሙ ለመለየት ይሞክራል። ሁለተኛው «ፐልስ» የሚባለው ነው፤ ጠንካራ ምት ልኮ ድንገት ያቋርጥና በዝምታው ውስጥ ከብረቱ የሚቀረውን ደካማ ማሚቶ ያዳምጣል። በጨዋማና ማዕድን በበዛበት መሬት ላይ ፐልሱ ይሻላል፤ ዋጋው የብረቱን ዓይነት መለየት አለመቻሉ ነው። በመፈለጊያው ላይ «ወርቅ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ለጥፎ የሚሸጥ ነጋዴ ሁሉ ይህን ድክመት ይደብቃል።

ሁለቱም መንገዶች የሚፈተኑት በአፈር ነው፤ ለዚህ ፈተና ደግሞ የአዲስ አበባ ዙሪያ የተመቸ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የተቀመጡት በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው። ሰበታ በወጨጫ ተራራ ግርጌ፣ ቡራዩ በእንጦጦ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በሰሜን በኩል ባለው ሜዳ ላይ ናቸው። በተዳፋቱ ላይ ቀይ አፈር፣ በሜዳው ላይ ጥቁር ዋልካ ይበዛል። ሁለቱም የተገኙት ከአንድ ዓይነት እናት ድንጋይ ቢሆንም በመፈለጊያው ፊት አንድ አይደሉም።

የቀይ አፈር ቀለም የብረት ዝገት ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ማዕድን ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግሩት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ የሚቀሩትና በአፈሩ ውስጥ የሚፈጠሩት፣ በዓይን የማይታዩ የማግኔት ቅንጣቶች ናቸው። ከእነዚህ መካከል እጅግ ደቃቆቹ ለመሣሪያው ምት የሚመልሱት ዘግየት ብለው ነው፤ ዘግይቶ መመለስ ደግሞ የብረት ጠባይ ነው። መሣሪያው ስለዚህ ባዶ አፈርን ብረት ብሎ ይጮኻል። ፈላጊው ጩኸቱን ለማስቆም የመሣሪያውን ስሜት ሲቀንስ እውነተኛው ምልክትም አብሮ ይቀንሳል፤ በአየር ላይ 25 ሴንቲሜትር የነበረው በአፈር ውስጥ ጥቂት ሴንቲሜትር ሊሆን ይችላል።

ዋልካ ሌላ ነው። ቀለሙ ያስፈራል እንጂ ክረምት ከክረምት ውኃ የሚቋጥር አፈር አየር ስለሚያጥረው የማግኔት ቅንጣቶቹ ቀስ በቀስ ይሟሟሉ። በዚህ የተነሳ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር ሜዳ ለመፈለጊያ ከቀዩ ተዳፋት ይልቅ ጸጥ ያለ መሆኑ የተለመደ ነው። የዋልካ ተንኮል በሌላ በኩል ይመጣል። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፤ ከላይ የነበረው ነገር በስንጥቁ ይወድቃል፣ ከታች ያለው ተገፍቶ ይወጣል። በዋልካ ውስጥ የተቀበረ ነገር በተቀበረበት ጥልቀት ላይ ይቆያል ብሎ ማሰብ አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በአውስትራሊያው ማይንላብ ኩባንያ የብሩስ ካንዲ ሥራ ያመጣው ለውጥ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ኤስዲ2000 በተባለው መሣሪያ አንድ ዓይነት ምት መላክ ቀርቶ የተለያየ ርዝመት ያላቸው ምቶች ተላኩ። ቀይ አፈር ለአጭሩና ለረጅሙ ምት የሚሰጠው ምላሽ በታወቀ ሥርዓት ስለሚለያይ አንዱን ከሌላው በመቀነስ የአፈሩን ድምፅ ማጥፋት ይቻላል፤ የብረቱ ይቀራል። በአየር ላይ ሲለካ ይህ መሣሪያ ከቀደሙት ብዙ የራቀ አልነበረም። በአውስትራሊያ ቀይ ምድር ላይ ግን ሰዎች ብዙ ጊዜ የተፈተሹ መሬቶችን እንደገና መፈተሽ ጀመሩ። የኩባንያው ኋለኛ ምርቶች ጂፒኤክስ 5000 እ.ኤ.አ. በ2010፣ ጂፒዜድ 7000 በ2015 ወጡ፤ አምራቹ የኋለኛው ከፊተኛው እስከ 40 በመቶ ይጠልቃል አለ። የስድስተኛ ኃይሉ ስሌት እንደሚያሳየው 40 በመቶ ጥልቀት ማለት ከሰባት እጥፍ በላይ ደካማ የሆነ ምልክትን መስማት ማለት ነው። «እስከ» የምትለዋ ቃልም በማስታወቂያው ውስጥ ከባዱን ሥራ ትሠራለች።

በኢትዮጵያ ጥልቀት የሕይወት ጉዳይ የሆነው በፈንጂ ማጽዳት ሥራ ነው። ከጣሊያን ወረራ፣ ከኦጋዴን ጦርነትና ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት የተረፈውን ለማጽዳት የኢትዮጵያ የፈንጂ ማጽዳት ጽሕፈት ቤት በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1996 ዓ.ም. የተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት በፈንጂና ባልፈነዱ መሣሪያዎች የተጎዱ 1,492 ማኅበረሰቦችን ለየ። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት የተሠሩት ፒኤምኤን እና ፒኤምዲ-6 በእነዚህ ጦርነቶች ከዋሉት መካከል ናቸው። የመጀመሪያው በቂ ብረት ስላለው የድሮ መሣሪያም ያገኘዋል፤ ሁለተኛው የእንጨት ሣጥን ሲሆን ብረቱ ፊውዙ ላይ ብቻ ነው።

የፈንጂ ሥራ ከወርቅ ፍለጋ የሚለየው ጥልቀቱ በመስፈርት የተወሰነ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ መስፈርት የተለየ መረጃ በሌለበት ቦታ የሚያስቀምጠው መነሻ 13 ሴንቲሜትር ነው፤ ቁጥሩ የተወሰደውም አብዛኞቹ መፈለጊያዎች በአስተማማኝ ሁኔታ ከሚደርሱበት ጥልቀት ነው። ስለዚህ ፈንጂ አምካኙ የሚጠይቀው መሣሪያው ቢበዛ ስንት እንደሚያይ ሳይሆን በዚህ አፈር ላይ 13 ሴንቲሜትሩን ሳይስት ማየቱን ነው። ብዙ አገሮች ይጠቀሙበት የነበረው የኦስትሪያው ሺቤል ኤኤን-19/2 በለስላሳ መሬት ጥሩ ሲሠራ በቀይ አፈር ላይ ይቸገር ነበር። መሣሪያው ሲያቅተው የሚቀረው የላይኛውን አፈር ንብርብር ሙሉ በሙሉ በእጅ ማንሣት ነው፤ በጣም አዝጋሚ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 አውሮፓውያን ባለሙያዎች የመፈለጊያ መፈተኛ ስምምነት ሲያወጡም የአየር ሙከራውን ከአፈር ሙከራው ለይተው፣ ተመሳሳይ ብረቶችን በተለያየ ጥልቀት በእውነተኛ አፈር ውስጥ ቀብሮ ማወዳደርን ደነገጉ።

ከዚያ በኋላ መፈለጊያውን ከምድር ሰርሳሪ ራዳር ጋር ያጣመሩ መሣሪያዎች መጡ። ራዳሩ ብረት አልባውን አካል ስለሚያይ የብዙ ቁርጥራጭ ብረት ሐሰተኛ ጩኸት ይቀንሳል። ነገር ግን የራዳር ሞገድ በእርጥብ ሸክላ ውስጥ በፍጥነት ይዋጣል። ለጥምጥሙ ጸጥ ያለው የሱሉልታ ዓይነት ዋልካ በሐምሌ ለራዳሩ ግድግዳ ነው ማለት ነው።

ወርቅ ፈላጊዎች ታሪኩን በሌላ አቅጣጫ ወሰዱት። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በጉጂና በትግራይ በባህላዊ መንገድ የሚሠሩ ሰዎች ለብዙ ዘመን ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን በገበቴ ሲያጥቡ ኖረዋል፤ በቅርብ ዓመታት ዲቴክተር ተጨመረበት። ገበቴ የወርቅ ብናኝን ይይዛል፣ ዲቴክተር ግን ብናኝ አያይም፤ የሚያየው ፍሬውን ነው። ግራም የማይሞላ ፍሬ በምርጥ መሣሪያም ቢሆን ከላይኛው አፈር ብዙም አይርቅም፤ በአሥር ግራሞች የሚቆጠረው ከግማሽ ሜትር በታችም ሊገኝ ይችላል። በዚህ የተነሳ ዲቴክተር የያዙት ላዩን እየፈተሹ ሲያልፉ ጥልቁ ለቆፋሪው ይቀራል፤ አዲስ መሣሪያ በወጣ ቁጥር ደግሞ ያው የተፈተሸ መሬት እንደገና ይረገጣል።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ዙሪያ ወርቅ የለም፤ ብረት ግን ሞልቷል፤ ጥልቀቱም እንደ ሥራው ይለያያል። በፋብሪካና በሆቴል በር ላይ ያለው የጥበቃ መፈተሻ ከልብስ በታች ከጥቂት ሴንቲሜትር ያለፈ አይፈለግበትም፤ ቢጠልቅ እንዲያውም በወለሉ ብረት ላይ እየጮኸ ሥራ ያስፈታል። የጦር መሣሪያ ቅሪት ፍለጋ ከዚህ ይጠልቃል። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፈነዳው የጥይት ማከማቻ ሰው ገድሎ፣ የካሜራ ባለሙያውን መሐመድ አሚንን ክንድ አሳጥቶ ነበር። እንዲህ ያለ ፍንዳታ የሚበትነው ከባድ የብረት አካል ነው፤ በኤስሲአር-625 ዘመን የተሠራ መሣሪያም ቢሆን ከላይኛው አፈር ውስጥ ያገኘዋል። አስቸጋሪው ብዛቱ ነው፤ ቆራሌው የሚሰበስበው ሁሉ ይጮኻል።

ከሁሉም የሚጠልቀው የቧንቧ ፍለጋ ነው። በቡራዩ ያለው የገፈርሳ ግድብ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ ውኃ ሲሰጥ የኖረ ሲሆን፣ እንዲህ ካለ ግድብ ወደ ከተማ የሚወርድ የብረት ቧንቧ በአንድ ሜትር ገደማም ሆነ ከዚያ በታች ይቀበራል። በእጅ የሚያዝ ዘመናዊ ዲቴክተር እዚያ ጥልቀት ላይ ይቸገራል፤ የፊሸር ባለ ሁለት ሣጥን ዘዴ ግን ዛሬም ይሠራል። የተሻለው መንገድ በቧንቧው ላይ የታወቀ ድግግሞሽ ያለው ጅረት አሳልፎ ከላይ መከተል ነው፤ ያኔ ቧንቧው ራሱ ላኪ ስለሚሆን ምልክቱ የሚዳከመው በመውጫ መንገዱ ብቻ ነው፤ ረጅም መስመር በመሆኑም ከትንሽ ብረት ይልቅ ቀስ ብሎ ይደክማል። የፕላስቲክ ቧንቧ ለዚህ ሁሉ መሣሪያ የለም ማለት ነው፤ ስለዚህ በሚዘረጋበት ጊዜ አብሮት የመዳብ ሽቦ ይቀበራል፤ ወደፊት የሚፈለገውም ሽቦው ነው።