1780 የሚለው ጠገራ ብር እና ስቱዋርት መንሮ ሄይ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከዚራ መንገድ ላይ አስቆመኝ። ከኪሱ ጠገራ ብር አወጣና "ቲቸር፣ ከቀፊራ ነው የገዛሁት። 1780 ይላል እኮ፣ ከ240 ዓመት በላይ ነው አቦ!" አለኝ።

ደስታውን ማበላሸት ከብዶኝ ነበር፤ ግን ነገርኩት። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የታተመው። ሞሶሎኒ ለወረራው ሲዘጋጅ ሮም ላይ ያሳተመው ሳይቀር 1780 ይላል።

"ታዲያ ዕድሜው በምን ይታወቃል?"

ይቺ ጥያቄ ናት መንሮ ሄይን ያስታወሰችኝ። እንግሊዛዊ ነው፣ 1947 ተወልዶ 2004 ያረፈ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኔቪል ቺቲክ አክሱም ላይ ባካሄደው ቁፋሮ ተሳትፏል። ቺቲክ ሥራውን ሳይጨርስ በ1984 ሲሞት፣ የቁፋሮውን መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1989 ያወጣው እሱ ነው። ብዙ ሰው የሚያነሳው ስለ ጽላቱ በጻፈው ነው፤ እኔ ግን ትልቁ ሥራው ሳንቲሞቹ ናቸው ባይ ነኝ።

የአክሱም ሳንቲም ዓመተ ምሕረት የለውም፣ የውሸትም ቢሆን። የንጉሡ ስምና ምስል፣ ወርቁ ላይ ደግሞ ግራና ቀኝ የስንዴ ዛላ፣ በቃ። ስለዚህ እሱና መሰሎቹ ወደ ሮም ወርቅ ዞሩ። የሮም ነገሥታት ዘመናቸውም የወርቃቸው ክብደትም ይታወቃላ! የእንዱቢስ ወርቅ 2.7 ግራም ገደማ ነው፣ የዚያን ጊዜው የሮም ወርቅ ግማሽ። በዚህ ተነስተው ንጉሡን ሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አስቀመጡት። ቆስጠንጢኖስ ወርቁን ሲያቀልል በኢዛና ዘመን የእኛም ወደ 1.6 ግራም ወረደ። ጨረቃው ወርዶ መስቀል የወጣውም በዚሁ በኢዛና ሳንቲም ላይ ነው።

እንዱቢስን በነገሥታት ዝርዝራችን ብትፈልጉት አታገኙትም። ሳንቲሙ ባይኖር ስሙም አይኖርም ነበር። ሳንቲም የሚያቀልጥ ሰው አንዳንዴ ንጉሥ ያቀልጣል የምለው ለዚህ ነው።

የተገኘበት ቦታም የታሪኩ ግማሽ ነው። ደቡብ የመን፣ አል መዳሪባ በሚባል ቦታ 1194 የወርቅ ሳንቲሞች በአንድ ላይ ተገኙ፤ 868ቱ የሮም፣ 326ቱ የአክሱም። መንሮ ሄይ አጥንቶ ጻፈባቸው። ሁለቱ ወርቆች በአንድ ሰው እጅ እንደገቡ የምናውቀው አንድ ላይ ስለተገኙ ነው። አንድ በአንድ ተቸርችረው ቢሆን ኖሮ ያው ወርቅ ብቻ ይሆኑ ነበር።

ተማሪዬ ጠገራውን ለአንጥረኛ ሰጥቶ ለእናቱ የአንገት ጌጥ ሊያሠራበት ነበር ያሰበው። ሻጩ ከየት እንዳመጣው ጠይቆ እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። ትናንት ደወለ፤ ሴትየዋ "የአያቴ ጥሎሽ ነበር" ብላዋለች። ለጊዜው ወደ አንጥረኛው አልሄደም።