የውሎ አዳር ክትትል፦ የተሸጠ መሣሪያ የት እንደዋለ መጠየቅ

የጦር መሣሪያ የሚሸጡ አገሮች ገዢውን ከሚያስገቡት ግዴታ አንዱ በእንግሊዝኛ «ኤንድ ዩዝ ሞኒተሪንግ» ይባላል። ቃል በቃል «የመጨረሻ አጠቃቀም ክትትል» ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ግን መሣሪያው አንድ ቦታ ደርሶ ጉዳዩ የተዘጋ ያስመስላል። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ዕድሜ ልክ ነው፦ ዛሬ በማን እጅ ነው፣ የት መጋዘን ያድራል፣ ለምን ተግባር ዋለ? ስለዚህ «የውሎ አዳር ክትትል» ብንለው ይሻላል። በአሜሪካ የጦር መሣሪያ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሻሻል ክትትሉ ግዴታ ሆኗል። መንግሥት ለመንግሥት የሚሸጠውን መከላከያ ሚኒስቴሩ «ጎልደን ሴንትሪ» በተባለ ፕሮግራም፣ ኩባንያዎች በቀጥታ የሚሸጡትን ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ «ብሉ ላንተርን» በተባለው ይከታተላሉ። እንደ ጃቭሊንና ስቲንገር ሚሳይል፣ እንደ ምሽት ማያ መነጽር ያሉት ጠበቅ ባለው መደብ ውስጥ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በመለያ ቁጥራቸው ይቆጠራሉ፣ የተተኮሰው ሚሳይል እንኳ መተኮሱ ተመዝግቦ ነው ከቆጠራ የሚወጣው።

ክትትሉ የሚጀምረው ከምልክቱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2005 ያጸደቀው የቀላል መሣሪያዎች ፍለጋ ሰነድ ፋብሪካው፣ የተሠራበት አገርና መለያ ቁጥሩ በመሣሪያው ላይ እንዲቀረጽ ይጠይቃል፤ የምርት መዝገብም ቢያንስ 30 ዓመት እንዲቀመጥ። ኢትዮጵያ የፈረመችው የ2004ቱ የናይሮቢ ፕሮቶኮልም ምልክት ማድረግን ከአባል አገሮች ይጠብቃል። የአሜሪካ መከላከያ ደግሞ በአጠቃላይ ዋጋቸው 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ በሆኑ ዕቃዎች ላይ ዳታ ማትሪክስ የተባለውን ምልክት ያስቀርጻል። ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላባት ትንሽ አራት ማዕዘን ናት፤ ውስጧ የአምራቹ መለያና የዕቃው ቁጥር ይቀመጣሉ፣ ጥግዋ ቢፋቅ ወይም ጭቃ ቢሸፍነው እንኳ ስካነሩ የጠፋውን ከቀረው አስልቶ ያነባል።

ይህ ሁሉ ብልሃት ግን ቁጥሩን የሚጽፍ ሰው ከሌለ ከንቱ ነው። የአሜሪካ ምክር ቤት ኦዲት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 እንዳወጣው፣ ለኢራቅ ኃይሎች ተሰጡ ከተባሉት መካከል 110,000 ገደማ ክላሽንኮቭና 80,000 ሽጉጥ የት እንደገቡ በተሟላ ሁኔታ ማስረዳት አልተቻለም። አንዱ ምክንያት ቀላል ነው፦ እስከ 2005 መጨረሻ ድረስ ማዕከላዊ የንብረት መዝገብ አልነበረም። በ2009 ደግሞ ለአፍጋኒስታን ከተገዙት 242,000 መሣሪያዎች 87,000 ያህሉ የተሟላ መዝገብ እንደሌላቸው ተገለጸ፤ ለ46,000ዎቹ ያህል መለያ ቁጥራቸውን እንኳ ማቅረብ አልተቻለም። ዝርክርክነት ብቻውን ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። በእኔ ግምት የዚህ ሥርዓት ዋና ችግር ፋብሪካው ደጃፍ ላይ የለም፤ ያለው መሣሪያው ከእጅ ወደ እጅ በሚያልፍበት፣ ተረካቢው ሳይቆጥር በሚፈርምበት ቅጽበት ላይ ነው።

«ጥይት በሚዘንብበት ቦታ ማን ቁጥር ይለቅማል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። ዩክሬን ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ሆናለች። የአሜሪካ መከላከያ ዋና ኢንስፔክተር በጃንዋሪ 2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ጠበቅ ያለ ክትትል ከሚያስፈልጋቸው 1.69 ቢሊዮን ዶላር ከሚገመቱ መሣሪያዎች 59 በመቶው በተባለው ጊዜ ቆጠራቸው አልተጠናቀቀም ነበር። ብዙ ጋዜጣ ይህን «ጠፋ» ብሎ አነበበው። ቆጠራው መዘግየቱ ግን መሣሪያው መሸጡን አያሳይም፤ ሪፖርቱም ተዘርፏል አላለም። ተቆጣጣሪ ወደ ግንባር መግባት ስለማይችል ለዩክሬን ወታደሮች የእጅ ስካነር ተሰጥቶ ራሳቸው እየቆጠሩ እንዲያሳውቁ ተደርጓል። ተጠርጣሪ ሊሆን የሚችለው ራሱ ቆጣሪ መሆኑ እንከን ነው፤ ከምንም ግን ይሻላል፣ ኋላ ከሌላ መዝገብ ጋር የሚነጻጸር ጽሑፍ ትቷልና።

ሌላው ክርክር «ቁጥሩን ሞርዶ ማጥፋት ይቻላል፤ ቢገኝም ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው» ይላል። የመጀመሪያው እንደሚታሰበው አይቀልም፤ ተመትቶ የተቀረጸ ቁጥር ከሥሩ ያለውን ብረት ስለሚጨምቀው፣ ላዩ ቢሞረድም በአሲድ ሲታጠብ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይታያል። መዘግየቱ እውነት ነው። ሆኖም ኮንፍሊክት አርማመንት ሪሰርች የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ያቀረበውን እንይ፦ በአውሮፓ ኅብረት አገር የተሠራ ፀረ ታንክ ሚሳይል ለአሜሪካ ተሸጠ፣ በሶሪያው ጦርነት ለሚሳተፍ ወገን ተሰጠ፣ ከዚያም ኢራቅ ውስጥ በአይሲስ እጅ ገባ። ከፋብሪካ ከወጣ ሁለት ወር አልሞላውም። ሚሳይሉን የሚያስመልስ አልነበረም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ባይኖር ኖሮ ሻጩም ሰጪውም «አናውቅም» ብለው ባለፉ ነበር።

የሚከብደኝ የገዢዎች ቅሬታ ነው፦ «ከፍዬበታለሁ፣ መጋዘኔን ለምን ትፈትሻለህ?» ፈርመው ስለተቀበሉት ብዙ መከራከሪያ የላቸውም። ግን ቅሬታው አንድ ነገር ያጋልጣል። የሻጩ ትኩረት በዋናነት ቴክኖሎጂው ወደ ባላንጣ እጅ እንዳይሾልክ ነው፤ ተቆጣጣሪው መጋዘን ገብቶ ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን ካየ ይፈርማል። መሣሪያው ባለፈው ወር በማን ላይ እንደተተኮሰ በቅጹ ላይ ቦታ የለውም። እንዲህ ያለው ፍተሻ አዳሩን እንጂ ውሎውን አይጠይቅም።