«አቤት» ያላለ ማሽን ሁሉ ሞቷል?

ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ መደርደሪያ ላይ፣ ስክሪንም ኪቦርድም ያልተገጠመላት አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለችኝ። ሥራዋ የቃለ መጠይቅ ቅጂዎቼን መያዝ ነው። ሰዎች አምነው የነገሩኝን ድምፅ የማላውቀው ኩባንያ ማሽን ላይ መጫን ስለማልወድ የቤት ሰርቨር አድርጌያታለሁ። በቅርቡ ግን ከቤት በወጣሁ ቁጥር ከኔትወርክ ትጠፋ ጀመር። አንድ ቀን ጽሑፍ ላስረክብ ሁለት ሰዓት ሲቀረኝ የምንጬን ቃል ላመሳክር ብሞክር የለችም። ጽሑፉ ያንን አንቀጽ ሳይዝ ወጣ። ቤት እገባለሁ፣ በቀጥታ ወደ ሰርቪስ ቤት ሄጄ ሶኬቷን ነቅዬ እሰካለሁ፣ ትመለሳለች። ሦስት ሳምንት እንዲህ ቆየን።

ይህ ችግር የኢንተርኔት እኩያ ነው ብል ማጋነን አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በእ.ኤ.አ. ናቸው።) ኦክቶበር 29 ቀን 1969 ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የነበረው ቻርሊ ክላይን በአርፓኔት በኩል ወደ ስታንፎርድ ምርምር ተቋም «ሎግኢን» የሚለውን ቃል መላክ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ደረሱ፤ ከዚያ የወዲያኛው ኮምፒውተር ወደቀ። ነገር ግን ክላይን በጨለማ አልቀረም። ከወዲያኛው ሰው ከቢል ዱቫል ጋር በተራ ስልክ እያወራ ስለነበር ምን እንደሆነ ወዲያው አወቀ። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተው እንደገና ሞክረው ተሳካላቸው።

ዋናው ነገር ስልኩ ይመስለኛል። የተበላሸውን መንገድ በራሱ በተበላሸው መንገድ ሄዶ መመርመር አይቻልም። እኛም ይህን በ2020 ክረምት በራሳችን አይተነዋል። ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ውጭ ያሉ ዘመዶቻችን «ኦንላይን የለም» ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚለዩበት መንገድ ተራው የስልክ ጥሪ ነበር።

የአርፓኔትን መስመሮች ያገናኙ የነበሩት «ኢምፕ» የሚባሉ ቁም ሳጥን የሚያህሉ ማሽኖች ነበሩ። የሠራቸው ቢቢኤን የተባለው ድርጅት ማሳቹሴትስ ውስጥ ካምብሪጅ ተቀምጦ ከርቀት ይቆጣጠራቸው ነበር። እያንዳንዱ ኢምፕ ስለ ራሱና ስለ መስመሮቹ በየጊዜው ሪፖርት ይልካል። በዚህም የተነሳ የቢቢኤን ሰዎች ለስልክ ኩባንያው ደውለው በሌላ ከተማ ያለ መስመር መበላሸቱን ሲናገሩ፣ የስልክ ሠራተኞቹ ማመን ያቅታቸው ነበር። ካምብሪጅ ያለ ሰው ይህን እንዴት ያውቃል?

ኦክቶበር 27 ቀን 1980 ግን ኢምፖቹ ስለ መስመሮቻቸው እርስ በርስ የሚለዋወጡት ሪፖርት ኔትወርኩን ለሰዓታት ዘጋው። የአንድ ማሽን ሃርድዌር ሲበላሽ የሪፖርት ተራ ቁጥሮችን አዛባ። በሥርዓቱ ቁጥሩ 64 ላይ ሲደርስ እንደ ሰዓት ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። የተዛቡት ሦስት ሪፖርቶች 8፣ 40 እና 44 የሚል ቁጥር ነበራቸው፦ 40 ከ8 ይበልጣል፣ 44 ከ40፣ በዙሩ ምክንያት ደግሞ 8 ከ44 «አዲስ» ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ኢምፕ ሦስቱን እየተቀበለ፣ ለጎረቤቱ እያስተላለፈ፣ ማብቂያ አጣ። ማሽኖቹ አልሞቱም ነበር። ሥራ በዝቶባቸው «አቤት» ማለት አቅቷቸው ነው። አንዱን ብቻ አጥፍቶ ማብራት ምንም አልፈየደም፤ ጎረቤቶቹ ያንኑ ቆሻሻ መልሰው ያቀብሉታል። መፍትሔው የተዛቡትን ሪፖርቶች ሁሉም ችላ እንዲሉ ፕሮግራሙን ማስተካከል ነበር።

ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት «ፒንግ» የመጣው በዲሴምበር 1983 ነው። ማይክ ሙስ ሜሪላንድ ውስጥ በአሜሪካ ጦር የባሊስቲክስ ላቦራቶሪ ይሠራ ነበር፤ ኔትወርኩ ያልተለመደ ጠባይ ሲያሳየው፣ ዴቪድ ሚልስ በዚያው ዓመት ኖርዌይ ላይ የተናገረውን ሐሳብ አስታውሶ ፕሮግራሙን በአጭር ጊዜ ጻፈው። ስሙን የወሰደው ከባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የድምፅ መፈለጊያ ነው። ትጠራለህ፣ ማሚቶው ይመለሳል ወይም አይመለስም።

ሙስ ራሱ ከሁሉ የሚወደው ታሪክ ይህ ነበር። የአንድ ቢሮ ኔትወርክ እየመጣ ይጠፋል። ባለሙያው መልስ በደረሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ «ፒንግ» ብሎ እንዲጮህ አደረገ፤ ድምፁን ከቢሮው ስቴሪዮ ጋር አገናኝቶ እስከሚችለው ከፍ አደረገው። ከዚያ በሕንፃው እየዞረ የኬብል ማያያዣዎችን አንድ በአንድ ያነቃንቅ ጀመር። ድምፁ የተቋረጠበት ቦታ ችግሩ ነበር።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አፈርኩ። ሶኬት መንቀሌን ትቼ ኪቦርድና ስክሪን ተውሼ የማሽኗን መዝገብ ከፈትኩ። «ሞታለች» ባልኩባቸው ሰዓታት ሁሉ በየደቂቃው ስትጽፍ ነበር፤ አንድም ጊዜ አልጠፋችም። መሃል መሃል ላይ ግን የኔትወርክ መስመሩ መውረዱንና መውጣቱን መዝግባለች። የሚወርደው ጠዋት እኔ ስወጣ ነው፣ የሚወጣው ማታ ስገባ፤ ደግሞም ሶኬት ከመንቀሌ ትንሽ ቀደም ብሎ።

ከራውተሩ የሚመጣው ኬብል ወደ ሰርቪስ ቤት የሚገባው በብረት በሩ ሥር ነው። ስወጣ እቆልፈዋለሁ፣ በሩ ኬብሉን ይጫነዋል። ስገባ እከፍተዋለሁ፣ ይለቀዋል። የዳነችው በሩን ስከፍት ነው፤ ምስጋናውን ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ለሶኬቱ ሰጥቼው ነበር። ቅዳሜ ግድግዳውን አስበስቼ አዲስ ኬብል አሳለፍኩ።