ባዶ ቦታ የተባለው ሜዳ

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ማክሰኝት ስሟን ያገኘችው ከንጉሥም ከታቦትም አይደለም፤ ከገበያ ቀኗ ከማክሰኞ ነው። በዚያው መንገድ ወደ ባሕር ዳር ሲቃረቡ ሐሙሲት አለች። በጋይንት አገር ዓርብ ገበያ፣ በራሱ በጎንደር ከተማ ደግሞ ቅዳሜ ገበያ አለ። የከተማ ታሪክ የሚመረምር ባለሙያ ይህን እንደ ቀላል ነገር ሊያልፈው አይገባም። በእነዚህ ስፍራዎች አስቀድሞ የነበረው ሜዳው ነው። ጠላ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ኋላም የወረዳው ጽሕፈት ቤት የመጡት ሜዳውን ተከትለው ነው። እንግዲህ በፕላን ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው፣ በቃለ ጉባኤም «ባዶ ቦታ» እየተባለ የሚጻፈው መሬት ብዙ ጊዜ ከከተማው ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ክፍል ነው ማለት ነው።

የገበያ ሜዳ ለእንግዳ ዓይን የተዘበራረቀ ይመስላል እንጂ የራሱ ሥርዓት አለው። የእህል ተራ፣ የጨው ተራ፣ የከብት ተራ እየተባለ ይከፈላል። በዳርቻው የጭነት ከብት የሚታሰርበት፣ ጭነት የሚወርድበትና የሚጫንበት ቦታ ይተዋል። በቅሎና አህያ ከሩቅ መጥተው ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ መቆም ስለማይችሉ ይህ ቦታ ጥላ ይሻል፤ ስለዚህም ትልቅ ዛፍ ካለበት አይርቅም። ኋላ ጋሪ፣ ከዚያም የጭነት መኪና፣ በመጨረሻም ባጃጅ በመጣ ጊዜ ሁሉም የቆሙት በቅሎዋ ታስራ በነበረችበት ስፍራ ነው። ዛሬ «መኪና ማቆሚያ» የሚባለው በብዙ ከተማ የጥንቱ የከብት ማሰሪያ ወራሽ ነው። ይህን የማያውቅ መሐንዲስ ማቆሚያውን በመኪና ብዛት ብቻ ይለካዋል፤ ገበሬው ግን ከብቱን ያሳረፈበትን፣ ዘመዱን ያገኘበትን፣ ዕዳውን የተቀበለበትን ቦታ ያስባል።

የዛፉም ነገር እንዲሁ ነው። ዋርካ በሰፊው የሚዘረጋ፣ ለብዙ ሰው የሚበቃ ጥላ ያለው ዛፍ በመሆኑ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ጠበኛ የሚታረቀው፣ ዳኛ የሚሰየመው ከሥሩ ነበር። ሌባ ወይም ነፍሰ ገዳይ በጠፋ ጊዜ የአገሩ ሰው በሙሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ አፈርሳታ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። በዚያን ጊዜ አዳራሽም የፍርድ ቤት ሕንፃም አልነበረም። ሜዳው አዳራሽ፣ ዛፉም ጣራ ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየአካባቢው አድባር እየተባሉ የተከበሩት ዛፎችም ሳይቆረጡ የኖሩት በሕግ ተከልክሎ ሳይሆን እነሱን የሚነካ ሰው ከጎረቤቱ ጋር መኖር ስለማይችል ነው።

ይህ የገጠር ልማድ ብቻ እንዳልነበረ ጎንደር ምስክር ናት። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ከግንቡ ፊት ለፊት ያለው ሜዳ የመንግሥቱ ሥራ ግማሽ የሚሠራበት ሆነ። ሥፍራው ጃን ተከል ይባላል፤ በዋርካውም እስከ ዛሬ ይታወቃል። አዋጅ በነጋሪት የሚነገረው፣ ፍርድ የሚፈጸመው በአደባባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጁ ጄምስ ብሩስ በቤተ መንግሥቱ በር ፊት ስለነበረው ትልቅ ዛፍ ጽፏል፤ ራስ ሚካኤል ስሑል ወደ ከተማው በተመለሱ ጊዜ ዐቃቤ ሰዓቱ አባ ሰላማ በዚያ ዛፍ ላይ መሰቀላቸውን ይተርካል። የዛፍ ጥላ ሁልጊዜ የሰላም ጥላ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል። ሆኖም ክፉም ሆነ ደግ፣ ነገሩ የተፈጸመው ሕዝብ በሚያይበት ስፍራ ነው።

ከዚሁ ከጎንደር ሳይወጡ የፋሲልን መዋኛ ማስታወስ ይገባል። በአጥሩ ግንብ ላይ የበቀሉት ዛፎች ሥራቸውን በድንጋዩ መካከል ሰድደው ግንቡን እንደ እጅ ጨብጠውታል። የጥገና ባለሙያ እዚህ ላይ ይቸገራል። ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቀዋል፤ ከተቆረጠ ደግሞ በስብሶ ክፍተት ይተውና ግንቡ ሊላላ ይችላል። በጥምቀት ቀን ከዚያ ላይ ሆነው ወደ ውኃው የሚወረወሩት ወጣቶች ግን ግንቡንና ዛፉን ለይተው አያዩም። የፋሲል ግቢ ከመዋኛውና ከሌሎቹ ሥፍራዎች ጋር በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመዘገበው ድንጋዩ ነው፤ ሰው የሚያውቀው ጥምቀት ግን ያለ ዛፉ አይሟላም።

ሜዳውን ከነዋሪው ነጥሎ በወረቀት ላይ መሣል የመጣው ከጣልያን ወረራ ጋር ነው። ጎንደር የአማራ ግዛት ተብሎ ለተሰየመው አስተዳደር መቀመጫ በሆነች ጊዜ ጌራርዶ ቦሲዮ የተባለው የፍሎረንስ አርክቴክት በ1930 ዓ.ም. ገደማ ፕላን አወጣላት። ቦሲዮ ግንቦቹን የከተማው ማዕከል አድርጎ ማክበሩ የሚካድ አይደለም። ዛሬ ፒያሳ የሚባለው ሠፈር፣ ፖስታ ቤቱና ሲኒማው የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ነገር ግን ያው ፕላን ነጩን ከአገሬው በሠፈር የሚለይ ነበር፤ የተነሣውን ነዋሪ የጠየቀውም አልነበረም። በአዲስ አበባም በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ ተነሥቶ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ የተዛወረው በዚሁ ወራሪ ዘመን ነው። ጎንደር በኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ገዥው ሄደ፤ የአሠራሩ ልማድ ግን ከሣጥኑ ጋር አልሄደም።

ነዋሪ እንዲህ ያለውን ውሳኔ የሚቃወምበት መንገድ ምን ነበር? ሰልፍና አቤቱታ ብቻ የሚፈልግ ሰው በኢትዮጵያ የከተማ ታሪክ ውስጥ ብዙ አያገኝም። ከሁሉ የሚያስተምረው የባሕር ዛፍ ታሪክ ነው። ዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባን ከቆረቆሩ በኋላ በዙሪያዋ ያለው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተቆርጦ ስላለቀ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። በዚያው ዘመን ከአውስትራሊያ የተገኘው ባሕር ዛፍ ገብቶ ችግኙ ሲታደል፣ ቶሎ የሚያድግ በመሆኑ ከተማይቱ ባለችበት ጸናች። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ዛፉ ምንጭና ወንዝ ያደርቃል የሚል ክስ ተነሣበት። እ.ኤ.አ. በ1913፣ በእኛ በ1905 ዓ.ም. ገደማ፣ ነዋሪው ከባሕር ዛፉ ሁለት ሦስተኛውን እንዲነቅል ታዘዘ። ትእዛዙ በዘመኑ ዕውቀት ሲመዘን ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ባሕር ዛፍ ውኃ በብዛት እንደሚስብ ዛሬም ይታወቃል። ነገር ግን የሴትዮዋ ማገዶ፣ የባለቤቱ አጥርና ምሰሶ፣ የድኻውም ጥሪት እሱ ነበርና የነቀለው ጥቂት ሰው ነው። ማንም አልተሰለፈም፣ ማንም አልጮኸም። ሁሉም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ፤ አዋጁም ሳይሻር ሞተ። ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ቁም ነገር ዛፍ አይቆረጥ የሚል ብቻ አይደለም። ሰው የሚኖርበትን ነገር ሳይመክሩ የሚነኩ ባለሥልጣኖች ከዝምታ ጋር እንደሚታገሉ ያሳያል፤ ዝምታም በቀላሉ አይረታም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሲሆን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ባለርስት የለም፤ ስለዚህ ሜዳው የሁሉም ሆነ፤ ተሟጋች ግን አጣ። የኋለኛው ዘመን ክርክሮች ከዚህ ይጀምራሉ።

ከእነዚህ ዋነኛው የመስቀል አደባባይ ነው። በ2012 ዓ.ም. አደባባዩ ተቆፍሮ ከምድር በታች ለ1,400 ያህል መኪና ማቆሚያ እንዲሠራ ሲጀመር፣ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የደመራ በዓል የሚከበርበት ስፍራ ሳትመከር መነካቱን ተቃወመች። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረ በመሆኑ ጉዳዩ የአንድ ሠፈር ጉዳይ አልነበረም። ውይይት ተደረገ፣ ሥራውም ቀጠለ፣ አደባባዩ በሰኔ 2013 ዓ.ም. ተመረቀ። ዛሬ መኪናው ከታች ይቆማል፣ ደመራውም ከላይ ይደመራል። ሥራው በጥራቱ ሊመሰገን ይችላል፤ ምክሩ ከቁፋሮው በኋላ መምጣቱ ግን በሙያው ዓይን ጉድለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2016 ዓ.ም.፣ የኮሪደር ልማት በአዲስ አበባ ፒያሳ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያና እሪ በከንቱ በጥቂት ሳምንት ፈረሱ። የነዋሪው ቅሬታ በአመዛኙ ልማት ለምን መጣ የሚል ሳይሆን የተሰጠው ጊዜ አጠረ፣ እድሩና ማኅበሩ ተበተነ የሚል ነበር። ሥራው ቀጥሎ ወደ ሌሎች ከተሞች፣ ወደ ጎንደርም ደርሷል።

ይህ ጭንቀት የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በስቶክሆልም በግንቦት 1963 ዓ.ም. ለምድር ባቡር ጣቢያ መግቢያ ሲባል በከተማው መካከል ያሉ የኤልም ዛፎች ሊቆረጡ ሲሉ ነዋሪዎች ዛፉ ላይ ወጥተው አደሩ፤ ከፖሊስ ጋርም ተጋጩ። ከተማው ሐሳቡን ትቶ መግቢያውን አዛወረ፤ ባቡሩም አልቀረም። በካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ደግሞ ከተማው በመሐል ያለውን መኪና ማቆሚያ ለቤተ መጻሕፍት፣ ለመኖሪያ ቤትና ለአዲስ ማቆሚያ ሊያውለው ሲነሣ፣ የገበሬዎች ገበያ የሚቆምበት ሜዳና ያረጁት ዛፎች ይቅሩልን ያሉ ነዋሪዎች ጥያቄውን ለሕዝብ ድምፅ አቀረቡት። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ተሸነፉ። ቤት የሌለው ሰው ቤት ይሻል ያለው ወገን በለጠ። የዛፍ ወዳጅ ሁሉ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ይህ ያስረዳል፤ የተሸነፉት ግን ተጠይቀው ተሸነፉ።

በኢትዮጵያ ሕግ መጠየቅ የተከለከለ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 92 ሕዝቡ በአካባቢው ላይ በሚወሰን ጉዳይ አስተያየቱን እንዲሰጥ ይደነግጋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000ም ረቂቁ ሳይጸድቅ ለሕዝብ እንዲቀርብ ያዛል። የቸገረው ሌላ ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ካሳ የሚሰጠው ለባለይዞታ ነው። ሰው በግቢው የተከለው ባሕር ዛፍ ተቆጥሮ ይገመትለታል። ማንም ያልተከለው፣ በገበያው ሜዳ ላይ ያለ ዋርካ ግን ባለይዞታ የለውም፤ በጥላው ሥር አህያውን ያሰረው ገበሬና ጀበናዋን የጣደችው ሴት የሚያሳዩት ካርታ የላቸውም። ስለዚህ ገማቾች ሲሰበሰቡ ከፊታቸው የሚቀርብ አመልካች አይኖርም። ለነዚህ ሰዎች ቀሪው ዕድል ረቂቁ በሕዝብ ፊት በሚዘረጋበት ቀን መገኘት ነው። በማክሰኝት መሰል ከተማ ያ ቀን ማክሰኞ ካልሆነ፣ ሜዳውን ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቀምበት የገጠር ሰው በስብሰባው ላይ የለም።